ኮቴ፤ የእግርና የምድር ቃል

በየጊዜው ከሚታተሙት ልብ ወለዶችና ግጥሞች ውስጥ አንድ ቃል እየበዛ መምጣቱን ልብ ብሎ የሚያነብ ሰው ሳይመለከተው አይቀርም። ቃሉ ኮቴ ነው። የዘመን ኮቴ፥ የሞት ኮቴ፥ የትዝታ ኮቴ፥ የነፃነት ኮቴ ይባላል፤ ከዚያም አልፎ የዝምታ ኮቴ ሲባል ይታያል። ቃሉ በራሱ መልካም ነው፤ ለጆሮ ይጥማል፤ አጭር ስለ ሆነም ለግጥም ቤት መምቻ ይመቻል። ነገር ግን አንድ ቃል የተፈጠረበትን ሥራ ትቶ ለጌጥ ብቻ የተጠራ እንደ ሆነ፥ ከጥቂት ዘመን በኋላ ጌጥነቱም ይደበዝዛል፤ ሥራውንም የሚያስታውስለት ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ኮቴ በሕዝብ አፍ ምን ሥራ እንደሚሠራ፥ ከጎረቤቶቹ ከሰኮናና ከዱካ በምን እንደሚለይ፥ ደራሲም ሲጠቀምበት ስለ ምን ነገር መጠንቀቅ እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ ለማመልከት እንወዳለን።

አማርኛ በመዝገበ ቃላት በኩል ድኻ አይደለም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታትሟል፤ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1962 ዓ.ም. ወጥቷል። በእነዚህ ታላላቅ ሥራዎች የሚጠቀም ሁሉ ውለታቸውን ያውቃል። ይሁን እንጂ የመዝገበ ቃላት ተግባር አንዱን ቃል በሌላው መተርጐም ነው፤ ኮቴ ቢሉ ሰኮና፥ ሰኮና ቢሉ ኮቴ ማለት ለጠያቂው ይበቃዋል። የሂስ ተግባር ግን ከዚህ ይለያል። ሁለት ቃላት በአንድ ትርጉም ላይ ተቀምጠው ሲገኙ፥ ሕዝቡ ሁለቱንም ለምን እንዳኖራቸው መጠየቅ የሐያሲ ፈንታ ነው። አንድ ቤት ሁለት ምሰሶ የተከለ ሰው ሁለቱንም የተከለው ያለ ምክንያት አይደለምና።

በመጀመሪያ ሰኮናን እንመልከት። ሰኮና ከግእዝ የመጣ ቃል ነው፤ በቀድሞው አጻጻፍም ሰኰና ተብሎ ይጻፋል። በግእዝ ለእንስሳ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የሰው ተረከዝም ሰኰና ይባላል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህ ሁለትነት ሳይለወጥ ቆይቶ ይገኛል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እባቡ የሚቀጠቅጠው የሴቲቱ ዘር ተረከዝ ሰኰና ተብሏል፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ደግሞ የሚበላውና የማይበላው እንስሳ የሚለይበት የእግር ጫፍ በዚያው በሰኰና ስም ተጠርቷል። አንዱ የሰው ነው፤ ሁለተኛው የእንስሳ ነው፤ ቃሉ ግን አንድ ነው።

ከዚህ የሌዋውያን ሥርዓት የተነሣ ሰኮና በአገራችን የሕግ ቃል ሆኖ ኖሯል። የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ እንስሳ ይበላል፤ ግመል ቢያመሰኳም ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ፥ እሪያም ሰኮናው ቢሰነጠቅም ስለማያመሰኳ ከሚበሉት ተለይተዋል። ይህን ፍርድ ለመስጠት እንስሳው ቆሞ መታየት አለበት፤ ካስፈለገም እግሩ ተነሥቶ ይመረመራል። እንግዲህ ሰኮና በዓይን የሚታይ፥ በእጅ የሚያዝ፥ ለሁለት መከፈሉና አለመከፈሉ የሚመረመር የአካል ክፍል ነው። እንስሳው ቢሄድም ባይሄድም፥ በሕይወት ቢኖርም ቢታረድም ሰኮናው ሰኮና ከመሆን አይቀርም።

ኮቴ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሰው በሌሊት ከቤቱ ተቀምጦ ሳለ «ኮቴ ሰማሁ» ይላል፤ «ሰኮና ሰማሁ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ግን አይገኝም። ሌባ «ኮቴውን አጥፍቶ ገባ» ይባላል። ሚስት ባሏ ገና ከአጥሩ ሳይደርስ «በኮቴው ለየሁት» ትላለች። በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ የሚታይ እግር የለም፤ እግሩ መሬት ሲነካ የሚሰጠው ድምፅ ብቻ አለ። ከዚህ የተነሣ የሁለቱን ቃላት ልዩነት በአጭር አነጋገር እንዲህ ብለን ልንወስነው እንችላለን። ሰኮና የእግር ነው፤ ኮቴ ግን እግርና ምድር የሚገናኙበት ነው። እግር ሲነሣ ሰኮና ይታያል፤ እግር ሲያርፍ ኮቴ ይሰማል።

ይህ አባባል ለድምፅ ብቻ እንዳይመስል ሁለተኛ ማስረጃ እንጨምር። ወደ ላሊበላ የሄደ ምእመንም ሆነ ጎብኚ በቤተ ጊዮርጊስ መግቢያ ዘንድ በዐለቱ ላይ ያሉትን ጎድጓዳ ምልክቶች ሳያዩት አያልፍም። በአገሩ ትውፊት እንደሚነገረው፥ ንጉሥ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያሳንጽ ለቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ሳያስብ ስለ ቀረ፥ ሰማዕቱ በፈረስ ተቀምጦ ሊወቅሰው መጣ፤ ምልክቶቹም የፈረሱ ኮቴ ያረፈባቸው ናቸው። እዚህ ላይ ድምፅ የለም፤ ፈረሱም የለም፤ የቀረው መሬቱ የተቀበለው ምልክት ነው። ኮቴ እንግዲህ የሚሰማው ብቻ ሳይሆን በምድር ላይ የሚቀረውም ነው። በሁለቱም በኩል ቃሉ ከመሬት አልተለየም።

በዚህ ቦታ «ታዲያ ኮቴ ከዱካ በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ዱካ ከኮቴ በኋላ የሚመጣ ነው። አንድ ኮቴ ዱካ አይባልም፤ ኮቴ ከኮቴ ተከታትሎ አቅጣጫ ሲሰጥ ያን ጊዜ ዱካ ይሆናል። ከብቱ የጠፋበት ሰው በማለዳ ተነሥቶ አንድ ኮቴ ቢያገኝ «በሬዬ እዚህ ረግጧል» ይላል፤ ዱካ ካገኘ ግን «በሬዬ በዚህ ሄዷል» ይላል። ፋና የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህም ይርቃል፤ ፋና የሚከተሉት ነው፤ የአባቶችን ፋና መከተል ይባላልና። ኮቴ የአንዲት ቅጽበት ነው፤ ዱካ የመንገድ ነው፤ ፋና የአርአያ ነው። ይህን ደረጃ ሳይለይ «የአባቶቻችንን ኮቴ እንከተል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው አባቶቹን ከመንጋ ጋር ይቈጥራል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር በቀልድ የተናገርነው እንዳይመስል፥ የቃሉን የስድብ አገባብ ማየት ይገባል። የአንድን ሰው እግር ፊት ለፊት እያዩ ኮቴ ብሎ መጥራት ስድብ ነው፤ «ኮቴህን ሰብስብ» የተባለ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ነገር ግን ያንኑ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ሰምተው «ኮቴህን እኮ አወቅሁት» ቢሉት ፈገግ ይላል፤ መታወቁ ያስደስተዋልና። ሰውዬው ያው ነው፤ እግሩም ያው ነው፤ ቃሉም አልተለወጠም። የተለወጠው አንዱ በዓይን፥ ሌላው በጆሮ መሆኑ ነው። ለዓይን ሲሆን ሰውን ወደ እንስሳ ያወርዳል፤ ለጆሮ ሲሆን ግን መቃረብን ያመለክታል። ይህን የመሰለ ስስ ልዩነት ማንም ሰዋስው ሳያስተምረው የሚጠብቅ ሕዝብ ለቃሉ ያለው ጥንቃቄ ከደራስያኑ እንዳያንስ ያሠጋል።

እርግጥ ነው፥ ተቃራኒ ምሳሌ ሊቀርብብን ይችላል። ባለ በቅሎው «የበቅሎዬ ኮቴ ተሰነጠቀ» ይላል፤ እዚህ ላይ ኮቴ በሰኮና ቦታ ገብቶ የአካል ስም ሆኗል። ይህን አንክድም። ነገር ግን ባለ በቅሎው መቼ እንዲህ እንደሚል ልብ እንበል። በቅሎይቱ ድንጋያማ መንገድ ሄዳ ስታነክስ ነው። ኮቴዋን የሚያስባት የምትረግጠው ምድር ስለ ጎዳት ነው። ስለዚህ ቃሉ ወደ አካል ቢመለስም መሬቱን ከኋላው እየጎተተ ይመለሳል። እንዲህ ያለው አነጋገር ደንቡን የሚያፈርስ ሳይሆን ደንቡ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ የሚያሳይ ነው።

ከዚህ በመቀጠል የትኞቹ እንስሳት ኮቴ እንዳላቸው መለየት ያስፈልጋል፤ በተለይ ከውጭ አገር ቋንቋ የሚተረጕሙ ሰዎች በዚህ በኩል ሲሳሳቱ ይታያሉ። ፈረስ፥ በቅሎ፥ አህያ፥ በሬ፥ በግና ፍየል ኮቴ አላቸው። አንበሳና ነብር፥ ውሻና ድመት ግን መዳፍና ጥፍር እንጂ ኮቴ የላቸውም። የአንበሳን እግር ኮቴ ብሎ የሚተረጕም ሰው ስም ብቻ አላሳሳተም፤ አንበሳው አደጋ የሚጥልበትን ምክንያት ከታሪኩ አጥፍቷል። አንበሳ የሚፈራው ሲመጣ ስለማይሰማ ነው። ስለ ነብር «ኮቴው አይሰማም» ቢባል ለማስፈራት የተባለ ነው፤ ይኸውም ከኮቴ ባለቤቶች ወገን አለመሆኑን መናገር ነው። ከዱር አውሬ የኮቴን ድምፅ የሚጠብቅ አንባቢ የአገሩን ሌሊት ረስቷል ማለት ነው።

በዚህ አንጻር የእንስሳ እግር ስም ለሰው የተሰጠበትን አንድ ከባድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ዝሆኔ የሚባለው በሽታ የሰውን እግር ያሳብጣል፤ ቆዳውን ያደድራል፤ ስለዚህም የእግሩ መልክ ከዝሆን እግር ጋር ተመሳስሎ ይህ ስም ተሰጠው። የዛሬ ሐኪሞች እንዳረጋገጡት፥ በደጋማው አገራችን በብዛት የሚገኘው የዚህ በሽታ ዐይነት የሚመጣው ሰው ለብዙ ዓመት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲሄድ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ ማድረግና እግርን አዘውትሮ መታጠብ ይከላከለዋል። በትንኝ በሚተላለፍ ትል የሚመጣው ሌላው ዐይነት ከዚህ የተለየ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ በሽታው ራሱ ከእግርና ከምድር መገናኘት የመጣ ነው፤ ስሙ ግን በዓይን የታየውን የእግር መልክ ብቻ ያዘ። በዓይን የተሰጠ ስም ደግሞ ቀደም ብለን እንዳየነው ወደ ስድብ ያዘነብላል። ሕመምተኛው የእርግማን ልጅ ተደርጎ ከጋብቻና ከማኅበር ይርቅ ዘንድ ስሙ አስተዋፅኦ አድርጓል። ደራሲ እንዲህ ያለውን ሰው በልብ ወለዱ ሲያስገባ እግሩን ብቻ ሥሎ የተወው እንደ ሆነ የጎረቤትን ክፋት በሥነ ጽሑፍ ያጸናል፤ እግሩ በባዶው የረገጠውን እርሻ ጭምር የሣለው እንደ ሆነ ግን እውነቱን ይናገርለታል።

በአክሱም አገር የሚነገረውም ትውፊት ይህንኑ ይመስላል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው የንግሥተ ሳባ ታሪክ፥ የዘንዶው ደም በንግሥቲቱ እግር ላይ ስለ ነጠበ እግርዋ የአህያ ሆነ። ንግሥቲቱም የሰሎሞንን ዝና ሰምታ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች፤ ወደ ንጉሡም ቤት ስትገባ እግርዋ ዳነ። የሚደንቀው የፈውሱ ቦታ ነው። መድኃኒት አልተቀባችም፤ የዳነችው በጉዞዋ መጨረሻ፥ የንጉሡን ደጅ በረገጠች ጊዜ ነው። ተራኪዎቹ ሊቃውንት ባይሆኑም እግር ዋጋው በሚረግጠው ምድር እንደሚለወጥ ያውቁ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ዕለት ኑሮ እንመለስ። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ከታረሰ በኋላ በብዙ ቦታ ከብት፥ በግና ፍየል፥ አህያም ሳይቀር ገብተውበት ይረግጡታል። የጤፍ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፥ አፈሩ ካልጠነከረለት ይሰምጣል፤ የእንስሳቱ እርግጫ እርጥቡን አፈር ያጠብቃል፤ አረሙንም ያዳክማል። ሰብሉ ደርሶ ከታጨደ በኋላ ደግሞ በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ ይበተናል፤ በሬዎች እየዞሩ ይረግጡታል፤ ከዚያም በመንሽና በላይዳ ከገለባው ይለያል። ስለዚህ በገበታችን ላይ የሚቀርበው እንጀራ ሁለት ጊዜ በኮቴ ሥር ያለፈ ነው፤ አንድ ጊዜ ሳይዘራ፥ አንድ ጊዜ ከታጨደ በኋላ። በአንዳንድ አገር ዛሬ የመውቂያ መኪና የበሬውን ቦታ እየተካ ነው፤ ለገበሬው ዕረፍት ነውና እሰየው ያሰኛል። ይሁን እንጂ ስለ እርሻ የሚጽፍ ሰው በሬውን ቀንበር ተሸክሞ ብቻ እየሣለ ኮቴውን መርሳቱ ግማሹን ሥራ መርሳት ነው።

ከእርሻው ወደ ገበያው ብንወርድ ቃሉን በሌላ ልብስ እናገኘዋለን። ከብት ወደ ገበያ የሚነዳ ሰው በመግቢያው ላይ በከብቱ ቍጥር የሚከፍለው ገንዘብ «የኮቴ» ይባላል። ሕዝባችን እንስሳቱን በሚከፋፍልበት ጊዜ የሚያየው ላይኛውን አካል ነው፤ የቀንድ ከብትና የጋማ ከብት ይላል። ቀረጥ ተቀባዩ ግን ቀንዱንም ጋማውንም ትቶ ኮቴውን ያዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክፍያው የእንስሳው ዋጋ አይደለም፤ እንስሳው የከተማውን መሬት ስለ ረገጠ የሚጠየቅበት ነው። ስያሜውን ያወጣው ሰው፥ ማንም ይሁን ማን፥ የቃሉን ባሕርይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቃሉም ከአንድ ቋንቋ ድንበር አልፏል፤ በአፋን ኦሮሞም ኮቴ የእንስሳ እግር ነውና ሻጩና ገዢው በአንድ ገበያ ያለ አስተርጓሚ ይግባቡበታል።

ነገር ግን ይህ ስያሜ ከከብት አልፎ ወደ ጭነት መኪና መሄዱን ደግሞ እንመለከታለን። በየኬላው ከሚያልፍና በየከተማው ጭነቱን ከሚያራግፍ መኪና የሚጠየቀው ገንዘብ «የኮቴ» ሲባል ኖሯል፤ አሽከርካሪዎችም ሲያማርሩበት ተሰምቷል። መኪና ጎማ እንጂ ኮቴ የለውም። ቋንቋው በዘይቤ ተስፋፋ ብለን ብናልፈው ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የጽሕፈት ቤት ቃል እንደ ቅኔ ዘይቤ በልቡ እንዲሄድ ሊለቀቅ አይገባም። ከከብት የሚከፈለውን ነጋዴው በዓይኑ ይቈጥረዋል፤ ዐሥር ከብት የዐሥር ከብት ነው። የመኪና ኮቴ ግን ስንት ነው? ቃሉ የሚያመለክተው ነገር ሲጠፋ ልኩም አብሮ ይጠፋል። የቃል ጥራት የባለ ቅኔ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ የጭነት ነጂውን መጠየቅ ይበቃዋል።

በአንጻሩ ገበሬው በራሱ አንደበት የሠራው ቃል ምን ያህል ልከኛ እንደ ሆነ ለማየት አፍተግር የሚለውን ስም እንጥቀስ። የዳልጋ ከብትን አፍና እግር የሚያቈስለው በሽታ በዚህ ስም ይጠራል። ከብቱ አፉ ስለሚቈስል አይግጥም፤ እግሩ ስለሚቈስል አይሄድም፤ ሁለቱም ምልክቶች በአንድ አጭር ቃል ተጋምደው ተቀምጠዋል። ልብ በሉ፤ በዚህ ላይ ኮቴ አልተጠራም፤ የታመመ ከብት ተኝቶ ይውላልና ኮቴው አይሰማም። እግር የሚለው ሰፊ ቃል ተመረጠ። እረኛው ሳያጠና የመረጠውን፥ ብዙ የተማርን ሰዎች አጥንተን እንስተዋለን።

እንግዲህ ኮቴ በሥነ ጽሑፍ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ ሁሉ ልንረዳ እንችላለን። ኮቴ መምጣትን ከመጪው አስቀድሞ የሚያስታውቅ ቃል ነው። ስልክ ባልነበረበት ዘመን፥ ዛሬም ስልክ በማይሰማበት ስፍራ፥ እንግዳ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። በመሰማቱና በመታየቱ መካከል ያለችው ጥቂት ጊዜ የደራሲ ሀብት ናት። በዚያች ጊዜ ውስጥ መጪው ወዳጅም ጠላትም ሊሆን ይችላል፤ የምሥራች ወይም መርዶ ይዞ ይሆናል። በአገራችን «እግረ እርጥብ» የሚባለው ሰው በመጣ ጊዜ በረከት ይመጣል፤ «እግረ ደረቅ» የሚባለውም በተቃራኒው ይፈራል። ስለዚህ ኮቴ የሚሰማ ሰው በልቡ የሚጠይቀው «ማን ነው?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ምን ይዞ መጣ?» ብሎም ነው።

ለምሳሌ እንዲህ የሚል አረፍተ ነገር ብንጽፍ፦ «ሌሊቱ ሲጋመስ ከደጅ ባለው ጠጠር ላይ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ እናቲቱ ወደ ኩራዙ የዘረጋችውን እጅ መልሳ ሰበሰበች።» በዚህ ውስጥ ፍርሃት የሚል ቃል የለም፤ ነገር ግን ፍርሃቱ ይታወቃል። በቅሎው አለ፤ ጠጠሩ አለ፤ የምትሰማውም እናት አለች። በዚህ አንጻር ደግሞ ይህን እንመልከት፦ «የትዝታ ኮቴ በልቤ ሰማይ ላይ አስተጋባ።» ትዝታ እግር የለውም ብለን አንነቅፍም፤ ዘይቤ ይፈቀዳልና። የምንነቅፈው በሰማይ ላይ የሚረገጥ መሬት ስለሌለ ነው። ኮቴ ያለ ምድር ድምፅ አይሰጥም። ጸሐፊው ሁለት ውብ ቃላት አገናኘ፤ ሁለቱ ግን አንዱ ሌላውን ሻረው፤ ለአንባቢው የሚቀርለት ጩኸት ብቻ ነው።

ይህን ስንል ረቂቅ ነገር ሁሉ በኮቴ ሊነገር አይገባም ማለታችን አይደለም። የሞት ኮቴ የሚለው አባባል በሚገባ ከተሠራ ታላቅ ኃይል ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ ሕመምተኛው ከተኛበት ክፍል ውጭ የጣውላው ወለል በሌሊት ሲንቋቋ ሰምቶ፥ ማንም እንዳልመጣ ያወቀ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ሞት ኮቴ ቢኖረው አንባቢው አይከራከርም፤ መሬቱን አግኝቷልና። እንግዲህ ጥፋቱ በዘይቤው ላይ አይደለም፤ ዘይቤው የሚቆምበትን ወለል ባለማዘጋጀት ላይ ነው።

ሌላው ጉድለት ኮቴን ሁሉ አንድ ድምፅ አድርጎ መጻፍ ነው። የፈረስ ግልቢያ አንድ ነው፤ የበቅሎ ሶምሶማ ሌላ ነው፤ የአህያ ኮቴ ደቃቅና ፈጣን ነው፤ የበሬ ኮቴ ከባድና የዘገየ ነው፤ የፍየል መንጋ በድንጋይ ላይ ሲወርድ እንደ በረዶ ይንኳኳል። በጭቃ፥ በአቧራና በንጣፍ ድንጋይ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ይለወጣል። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የተገኘ ሰው፥ የብዙ ፈረስ ኮቴ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በቆመበት መሬት በኩል በእግሩ እንደሚሰማው ያውቃል። ይህን የሰማ ደራሲ ስለ ዓድዋ ዘመን ፈረሰኛ ሲጽፍ «የፈረሶች ኮቴ ተሰማ» ብሎ በሦስት ቃል አያልፈውም።

አንዳንዶች «የፈረስና የበቅሎ ዘመን አልፏል፤ ከተሜው ደራሲ ያልሰማውን እንዴት ይጽፋል?» ይሉ ይሆናል። ይህ አባባል በከፊል እውነት አለው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የቅፍለቱ መንገድ እየቀረ ሄደ፤ በብዙ ከተማም የጋሪ ፈረስ ቦታውን ለባጃጅ ለቋል። ቢሆንም አገራችን እስከ ዛሬ ድረስ በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። በገበያ ቀን ከከተማው ዳርቻ በማለዳ የቆመ ሰው የሚሰማውን ኮቴ መቍጠር ይሳነዋል። የጠፋው ኮቴው አይደለም፤ ሰሚው ወደ ሌላ ድምፅ ዞሯል።

ቃሉም ከዘመኑ ጋር መሄዱን አላቋረጠም። ዛሬ ኮቴ የሚባለው በብዛት የሰው ጫማ በደረጃና በንጣፍ ላይ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ይህ እድገት እንጂ ጥፋት አይደለም፤ ጫማ የሚለው ቃል ራሱ የውስጥ እግር ስም ሆኖ ሳለ ወደሚጫሙት ነገር ተሻግሯልና። በስድስተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት በደረጃው ላይ የልጅዋን ኮቴ ስትለይ፥ አያትዋ በአጥሩ ውስጥ ሆና የባልዋን በቅሎ ኮቴ የለየችበትን ጆሮ ወርሳለች። መሬቱ ሲሚንቶ ሆነ፤ እግሩም ጫማ አደረገ፤ መጠበቁ ግን አልተለወጠም። ደራስያን ከዚህ ሕያው አገባብ ቢነሡ፥ የድሮውን የፈረስ ኮቴ ሳይሰሙ ከመጽሐፍ ከመገልበጥ ይድናሉ።

ነገሩን ለመጠቅለል፥ ኮቴ የሚለውን ቃል በብዕሩ ጫፍ የያዘ ጸሐፊ ሦስት ጥያቄዎችን ራሱን ቢጠይቅ ይበጀዋል። አንደኛ፥ የማን እግር ነው? ሁለተኛ፥ ምን ዐይነት መሬት ላይ ነው? ሦስተኛ፥ የሚሰማው ማን ነው? ሦስቱንም ሊመልስ የቻለ እንደ ሆነ ቃሉን ሳይፈራ ይጻፈው፤ አንዱን እንኳ መመለስ ያልቻለ እንደ ሆነ ሌላ ቃል ይፈልግ። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊም በደረሰኙ ላይ ያንኑ ቃል ሲያትም የመጀመሪያውን ጥያቄ ቢመልስ ለሕዝብ ይጠቅማል። ቃላችን ብዙ ነው፤ ሰኮና ለሚመረምር፥ ዱካ ለሚፈልግ፥ ፋና ለሚከተል ተሰጥቷል። ኮቴ ግን በጨለማ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው የተሰጠ ቃል ስለ ሆነ፥ የሚጠብቅ ሰው በሌለበት ስፍራ በከንቱ አይጠራ።